ለአዲስ ሰው የኮሚት ፈቃድ መስጠት፦ የጊትሀብ አሠራር ምን ያህል ያስተማምናል?

ጊትሀብን፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን አስቀምጠው አብረው የሚሠሩበትን ድረ ገጽ፣ በጠቅላላው ልገመግም አልተነሳሁም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማወራው ስለ አንድ ክፍሉ ብቻ ነው። ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ያለው ሰው ለአዲስ አጋዥ የኮሚት ፈቃድ፣ ማለትም ኮዱን የመቀየር ፈቃድ፣ መስጠት ሲፈልግ ምን መሣሪያ ያገኛል? ማን ምን ይነካል፣ ማን ያጸድቃል፣ ማን አዲስ ቨርዥን ያወጣል የሚለውን የምንወስንበትን የሴቲንግስ ገጽ ማለቴ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መሣሪያው ጥሩ ነው። ለክፍት ሪፖ፣ ማለትም ማንም ለሚያየው የኮድ ማከማቻ፣ ደግሞ አብዛኛው ነገር በነፃ ነው። ግን ምንም ሳታስተካክሉ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት አደጋ አለው፤ «ራይት» የሚባለው ፈቃድ ከስሙ በላይ ብዙ ነገር ይከፍታል። ይህን አውቆ ያስተካከለ ሰው ግን አዲስ ሰውን ቶሎ ማመን ይችላል። እኔም የምደግፈው ቶሎ መስጠትን ነው።

የምይዘው ፕሮጀክት ትንሽ ነው። የኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ፣ የፈረንጆቹን ወደ እኛ የሚመልስ የፓይተን ላይብረሪ ነው። ተማሪ የሚመዘግቡ፣ ደመወዝ የሚያሰሉ፣ የልደት ቀን የሚይዙ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበታል። እንጀራዬ ሌላ ሥራ ነው፤ ይሄን የምሠራው ማታ ማታና ቅዳሜ ነው። አብሮኝ የሚይዘው ጓደኛዬ አሜሪካ ነው ያለው፣ እሱም የፈረቃ ሠራተኛ ነው። ለቅሶ ሲደርስብን፣ ልጅ ሲታመም፣ ቢሮ ሥራ ሲበዛ ሪፖው ጭር ይላል። አንዱ ችግር አግኝቶ ይጽፋል፣ ሌላው መፍትሔውን ይዞ ይመጣል፣ መርጅ የሚያደርግለት፣ ማለትም ከዋናው ኮድ ጋር የሚቀላቅልለት፣ የለም። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ሰው ሳይከፈለው ምሽቱን ሰውቶ የሠራው ኮድ መልስ አጥቶ ሲከርም ሁለተኛ አይመጣም። እኔ ራሴ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ልኬ፣ ወራት ቆይቶ ያለ አንዲት ቃል ተዘጋብኝ። ወደዚያ አልተመለስኩም።

እንግዲህ ፈቃድ ይሰጠው የምንለው አዲስ ሰው ምን ዓይነት ነው? አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ባሕር ዳር የምትማር አንዲት ልጅ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይሄን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ላከችልን። ጉዳዩ ጳጉሜን 6 ነው። ላይብረሪው ውስጥ አንድ ቀን ትክክለኛ መሆኑን የሚያጣራ ፈንክሽን አለ። ይሄ ፈንክሽን ጳጉሜን 6ን በየትኛውም ዓመት አይቀበልም ነበር። የሷ ለውጥ አንድ መስመር ነው፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ይሄን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ዓይኔን የሳበው ከኮዱ ሥር ያለው ቴስት ነው።

መጀመሪያ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ማለት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑን ፈተነች። ቀጥላ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ መዋሉን። ቀጥላ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ ላይብረሪው አልቀበልም ማለቱን። እዚህ ላይ ብታቆም በቂ ነበር። እሷ ግን አንድ ጨመረች፤ መስከረም 1 ቀን 2093 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ላይ ይውላል የሚል። ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29 አይኖራቸውም። የኛ አቆጣጠር ግን በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን መጨመሩን መቼም አይዘልም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ በተለመደው ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይገፋል። ይሄን ቴስት ማንም አልጠየቃትም። ሪቪው ላይ «ምክንያቱን በአንድ መስመር ኮሜንት ጻፊበት» አልኳት። አንድ መስመር ጻፈች። ሌላ ፋይል አልነካችም።

ለእኔ የኮሚት ፈቃድ የሚያሰጠው ይሄ ነው። የፓቹ ቁጥር ብዙም አይነግረኝም። ሰውየው ያልተጠየቀውን ጠርዝ ማየቱን፣ የተጠየቀውንም በልኩ መመለሱን ነው የማየው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። ከሁሉ በፊት ሪፖው የት እንደተቀመጠ እዩ። በግል አካውንት ሥር ያለ ሪፖ ደረጃው ሁለት ብቻ ነው፤ ባለቤትና ኮላቦሬተር። ኮላቦሬተር ያደረጋችሁት ሰው ወዲያው ፑሽ ማድረግ (ለውጡን ቀጥታ ወደ ሪፖው ማስገባት) ይችላል። መሀል የሚባል የለም። የማውቃቸው የሀገር ቤት ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ሰው አካውንት ሥር ነው፤ ከዚያ ሰው መጨመር ሲመጣ «ወይ ሁሉን ልስጥ ወይ ምንም አልስጥ» ውስጥ ይገባሉ። ብዙዎቹም ምንም አለመስጠትን ይመርጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ኦርጋናይዜሽን (የቡድን አካውንት) ከፍታችሁ ሪፖውን ወደዚያ አዛውሩት። አይከፈልበትም። የድሮው ሊንክም ሰውን ወደ አዲሱ ይመራል።

ኦርጋናይዜሽን ውስጥ አምስት ደረጃ ታገኛላችሁ፤ ሪድ፣ ትሪያጅ፣ ራይት፣ ሜንቴይን፣ አድሚን። ሪድ ለክፍት ሪፖ ብዙም ፋይዳ የለውም፣ ማንም ያነበዋል። አድሚን ለትንሽ ፕሮጀክት ሁለት ሰው ይበቃዋል። ለአንድ ሰው ብቻ ግን አትተዉት፤ የዚያ ሰው ስልክ የጠፋ ቀን ሁላችሁም ውጭ ትቀራላችሁ።

እኔ የወደድኩት ትሪያጅን ነው። ትሪያጅ ያለው ሰው ኮዱን አይነካም። ግን ኢሹ (ሰዎች ያስመዘገቡት ችግር ወይም ጥያቄ) ላይ ሌብል ይለጥፋል፣ የተደገመውን ይዘጋል፣ ለማን እንደሚመራ ይወስናል፣ ሪቪው ይጠይቃል። አዲስ ሰው ፕሮጀክቱን የሚያውቀው እዚህ ነው። ልጅቷን መጀመሪያ ያስገባናት በዚህ ደረጃ ነበር። ገብታ ያደረገችውን ልንገራችሁ። «ቀኑ በአንድ ይለያል» የሚሉ የተለያዩ ኢሹዎች ተከምረው ነበር። እሷ አንድ በአንድ ስታነባቸው ሁሉም የተመዘገቡት ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን አየች። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚሠራው፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ አዲስ አበባ ቀኑ ተቀይሮ ሰርቨሩ ጋ ገና ትናንት ነው። የላይብረሪው ስህተት አልነበረም። አንድ ላይ አሰባስባ፣ ማብራሪያ ጽፋ፣ የተደጋገሙትን ዘጋች። አንድም መስመር ኮድ ሳትነካ ከብዙ ሥራ ገላገለችን።

ስለ ትሪያጅ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ፑል ሪኩዌስት አይቶ «አጽድቄያለሁ» ቢል፣ ምልክቱ ግራጫ ሆኖ ይታያል እንጂ ለመርጅ ከሚያስፈልገው ማጽደቅ ውስጥ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ራይት ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው ማጽደቅ ነው። ስለዚህ ትሪያጅ መለማመጃ ይሆናል፣ ሸክሙን ግን አያካፍልም። ጎበዝ ሰው እዚያ ላይ ብዙ ማቆየት ልክ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያለው ራይት ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ የግምገማዬ ዋና ነጥብ ይሄ ነውና።

ራይት ያለው ሰው ብራንች (የኮዱን የጎን ቅጂ) ይከፍታል፣ ፑሽ ያደርጋል፣ ፑል ሪኩዌስት መርጅ ያደርጋል። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሌላም አለ። ታግ (የቨርዥን ምልክት) ያስቀምጣል። ሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን) ያወጣል፣ የወጣውንም ይቀይራል። የሌላ ሰው ኮሜንት ማረምና መሰረዝ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሪፖው ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ሲክሬት (የይለፍ ቃልና ቁልፍ) በሙሉ ማግኘት መቻሉ ነው። ይሄን የጊትሀብ መመሪያ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። እኛ ግን ሲክሬቱ ስክሪን ላይ ተሸፍኖ ስለምናየው የተደበቀ ይመስለናል። ራይት ያለው ሰው በራሱ ብራንች ላይ አዲስ የወርክፍሎው ፋይል (ጊትሀብ በራሱ የሚያስኬደውን ትእዛዝ) ጽፎ ፑሽ ያደርጋል፤ ወርክፍሎው ሲነሳ ሲክሬቱን አንብቦ ወደፈለገበት ሊልክ ይችላል። ሜይን የሚባለውን ዋናውን ብራንች የቱንም ያህል ብትቆልፉት ይሄን አይከለክልም። አዲስ ቨርዥን ወደ ፓይፒአይ (የፓይተን ላይብረሪዎች ማከፋፈያ) የምትሰቅሉበት ቶክን (መግቢያ ቁልፍ) እዚያ ካለ፣ ራይት ስትሰጡ ቶክኑንም አብራችሁ ሰጥታችኋል። እንግዳን ሳሎን አስገብቶ የሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ መተው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ግን እዚያው አለ። ኢንቫይሮንመንት የሚባል ክፍል ሴቲንግስ ውስጥ ታገኛላችሁ። «ሪሊዝ» የሚል ኢንቫይሮንመንት ፍጠሩ። ማጽደቅ ያለባቸውን ሰዎች ሰይሙ። ከሜይን ብራንች ወይም ከተወሰነ ታግ ውጭ ማንም እንዳይጠቀምበት ወስኑ። አውጪው ራሱ የራሱን እንዳያጸድቅ የሚከለክል ምርጫም አለ፣ እሱንም አብሩት። ሲክሬቱ ከሪፖው ወጥቶ እዚያ ውስጥ ሲገባ ያለ ማጽደቅ አይነበብም። ለክፍት ሪፖ ይሄ ሁሉ በነፃ ነው። እንዲያውም ፓይፒአይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ትረስትድ ፐብሊሺንግ የሚባል አሠራር ስላለው፣ የረጅም ጊዜ ቶክን ማስቀመጥ ጨርሶ አያስፈልግም። ፓይፒአይ የእናንተን ሪፖ፣ ወርክፍሎውንና ኢንቫይሮንመንቱን አውቆ፣ በየጊዜው ለአጭር ደቂቃ ብቻ የሚሠራ ቶክን ይሰጣል። እኛ ወደዚህ ዞረናል። የሚሰረቅ ነገር ሪፖው ውስጥ የለም።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨነቅ ከኤክስዚ ዩቲልስ ታሪክ ይገባችኋል። ኤክስዚ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ ያለ የፋይል ማመቂያ ነው፤ ላሴ ኮሊን የተባለ ሰው ለዓመታት ብቻውን ሲሸከመው ኖሯል። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ትንንሽ ፓች መላክ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች «ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ጨምር» እያሉ ባለቤቱን ወጠሩት። ጂያ ታን ቀስ በቀስ ኮሚት ማድረግም፣ ሪሊዝ ማውጣትም ቻለ። በ2024 መጀመሪያ የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች የተደበቀ በር ነበራቸው። ማርች 29 ቀን 2024 ጉዳዩን ይፋ ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር ነው፤ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት መንገድ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ምክንያቱን ፈልጎ አገኘው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ዝርዝር አለ። መርዙ ቴስት ፋይል መስሎ ሪፖው ውስጥ ነበር። እሱን የሚያነሳው ስክሪፕት ግን ጊት ውስጥ አልነበረም። የገባው ለሪሊዝ በተዘጋጀው ታርቦል (የታሸገ የኮድ ፋይል) ውስጥ ብቻ ነው። ኮዱን ሪፖው ላይ የሚያነብ ሰው ሁሉን አያይም ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ2018 ኢቨንት-ስትሪም የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ዶሚኒክ ታር የማይጠቀምበትን ላይብረሪ «እኔ ልያዝልህ» ላለው ሰው የማሳተም መብት ሰጠ፤ ያ ሰው ኮፔይ ከሚባል የቢትኮይን ዋሌት ለመስረቅ የታለመ ኮድ በአንድ ዲፔንደንሲ (ላይብረሪው በሚጠቀምበት ሌላ ላይብረሪ) በኩል አስገባ።

ከእነዚህ ታሪኮች «እንግዲህ ለማንም አትስጡ» የሚል ትምህርት የሚወስዱ አሉ። በጣም አልስማማም። ላሴ ኮሊንን ለግፊት ያጋለጠው ብቻውን መሆኑ ነው። አምስት ሰው በየጊዜው ያየው የነበረ ፕሮጀክት ቢሆን ያ ሁሉ ውትወታ ያን ያህል ጉልበት አይኖረውም ነበር። በሁለቱም ቦታ ጉዳቱ የመጣው ደግሞ ኮድ መጻፍና ቨርዥን ማውጣት በአንድ እጅ ላይ ሲገናኙ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለዩ። ከዚያ በኋላ ኮሚት መስጠት ያን ያህል አያስፈራም፤ ሜይን ላይ የገባ መጥፎ ኮሚት ይታያል፣ ይመለሳል።

መለያየቱን የሚሠራው ብራንች ፕሮቴክሽን የሚባለው የብራንች መቆለፊያ ደንብ ነው። እኛ ጋ ሜይን ላይ ማንም ቀጥታ ፑሽ አያደርግም። ሁሉም በፑል ሪኩዌስት ይገባል፣ አንድ ሰው ማጽደቅ አለበት፣ ቴስቱ ማለፍ አለበት። ከጸደቀ በኋላ አዲስ ኮሚት ከተጨመረበት የቀድሞው ማጽደቅ ይሰረዛል። ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትረሷት፤ እሷ ከሌለች ንጹሕ ኮድ አስጸድቆ ሌላ መጨመር ይቻላል። ታጎቹንም ሩልሴት በሚባለው አሠራር ዘግተናል፣ የቨርዥን ታግ የምናስቀምጠው ሁለታችን ብቻ ነን። ቀን የሚያሰላው ዋናው ፋይል ደግሞ ኮድኦውነርስ (የየፋይሉ ኃላፊ የሚሰየምበት ዝርዝር) ውስጥ ስላለ እሱን የሚነካ ለውጥ ከእኔ ወይም ከጓደኛዬ እጅ ሳያልፍ አይገባም።

ጊትሀብ ላይ ማንም የራሱን ፑል ሪኩዌስት ማጽደቅ አይችልም። ይሄ ጥሩ ደንብ ነው። ግን ፕሮጀክቱ ሁለት ሰው ብቻ ሲኖረው ደንቡ ያፍናል። አንዱ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ ሌላው ማጽደቅ የሚችል የለም። ያኔ አድሚን ደንቡን ዘሎ እንዲያልፍ የሚፈቅደው ምርጫ በጣም ያጓጓል። ልጅቷ ራይት ስታገኝ ሦስት ሆንን፤ ዘሎ ማለፊያውንም ያለ ችግር ዘጋነው። አሁን አድሚኖቹም ከደንቡ በታች ነን። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ሰው ስንጨምር ፕሮጀክቱ ይበልጥ ተጠበቀ።

ሌላው ዓለም ይሄን እንዴት ያደርገዋል? ሁሉም የየራሱ ልማድ አለው። ፓይተን ላይ ኮር ዴቨሎፐር (ዋና አልሚ) ለመሆን ነባሮቹ ለአንድ ሳምንት ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለበት። አፓቺ የሚባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ላይ የፕሮጀክቱ ኮሚቴ በድምፅ ይመርጣል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የፈጣሪው የሊኑስ ቶርቫልድስ ሪፖ ላይ የሚያስገባው እሱ ነው፣ ሌሎቹ ሜንቴይነሮች ከየራሳቸው ሪፖ እንዲወስድላቸው ይጠይቁታል። በሌላው ጫፍ ፌሊክስ ጋይዘንዶርፈር የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ፑል ሪኩዌስት ለላከላችሁ ሰው ሁሉ ወዲያው የኮሚት ፈቃድ ስጡት የሚል። ሰው ሲታመን ኃላፊነት ይሰማዋል ነው የሚለው። እኔ ወደ እሱ አደላለሁ። ብቻ እሱ ያንን ሲል አሁን ያሉት መቆለፊያዎች ገና አልተሟሉም ነበር። ዛሬ ያንን ድፍረት ያለ ብዙ ስጋት መሞከር ይቻላል።

መሣሪያው የማያደርግላችሁን ደግሞ ልንገራችሁ። ለምን እንደሰጣችሁ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የሚልከው ግብዣ ደረቅ ነው፤ እገሌ ጋብዞሃል፣ ተቀበል ወይም እምቢ በል፣ በቃ። ሰውየው ምን እንደሚጠበቅበት አይነግረውም። ስለዚህ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጻፉ። እኛ ለልጅቷ የጻፍነው አጭር ነው። «የጳጉሜን ቴስትሽንና የዩቲሲውን ማብራሪያ አይተን ራይት ሰጥተንሻል። የሌላ ሰው ፑል ሪኩዌስት አይተሽ ማጽደቅ ትችያለሽ። የቀን ስሌቱን ፋይል የሚነካ ከሆነ ከእኛ አንዱን ጠብቂ። ፈተና ሲደርስብሽ መጥፋት ይቻላል፣ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስገባኋት ሆን ብዬ ነው። እኛ ሀገር ሰው ያመነውን ላለማሳፈር ሲል ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ሲያቅተው ደግሞ አፍሮ ጭራሽ ይጠፋል። ቀድሞ ፈቃድ ማግኘቱ ይረዳዋል።

ሀገር ቤት ላሉ ሰዎች ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ግብዣው የሚቆየው 7 ቀን ነው። ኢንተርኔት ለቀናት በሚጠፋበት ቦታ ያለ ሰው ላይደርስበት ይችላል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ደውሉለት ወይም ቴሌግራም ላይ ጻፉለት። ሁለተኛው የሁለት ደረጃ መግቢያው ነው። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኮድ ለሚያዋጡ ሰዎች ግዴታ እያደረገው መጥቷል። ኦርጋናይዜሽናችሁ ውስጥ ለሁሉም ግዴታ ማድረግ ትችላላችሁ፣ አድርጉትም። ቁጥር የሚያወጣውን አፕ ይጠቀሙ፤ ኔትወርክ ሳይኖርም ይሠራል፣ ሲም ካርድ ቢቀየርም አይጠፋም። የመመለሻ ኮዶቹን ግን ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ ርቆ ያስቀምጡ።

ከተፎካካሪው ጋር ሳወዳድረው ጊትላብ በአንድ ነገር ይበልጠዋል። እዚያ ሰው ስትጨምሩ የሚያበቃበትን ቀን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ለስድስት ወር ብላችሁ ትሰጣላችሁ፣ ካልታደሰ በራሱ ያልቃል። ጊትሀብ ላይ የሰጣችሁት ፈቃድ እናንተ እስክታነሱት ድረስ ይኖራል። ሰውየው ፕሮጀክቱን ረስቶት፣ ኢሜይሉ በሌላ እጅ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጉድለትና የግል አካውንቱ የፈቃድ ደረጃ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ቤታችንን ግን አንቀይርም፤ አጋዥ የሚሆኑን ሰዎች ያሉት እዚህ ነው።

ጉድለቱን በእጃችን እንሸፍነዋለን። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የስም ዝርዝሩን እናያለን። ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ሰው ካለ መጀመሪያ እንጽፍለታለን። «ደህና ነህ ወይ? ፈቃድህን ለጊዜው ወደ ትሪያጅ ልናወርደው ነው፣ ስትመለስ አንድ መልእክት ይበቃል» እንለዋለን። ስሙ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ ካሉት ባለውለታዎች ዝርዝር አይወጣም። ከመለሰልን ቀጥ ብሎ ራይቱ ይመለስለታል፣ ድምፅ መስጠት የለም፣ እንደገና መፈተን የለም።